የሱቅ ብስኩትና የቤት እንቁላል
ስለ ሕፃናት አመጋገብ ለእናቶችና ለቤተ ሰብ የተዘጋጀ ትምህርት

የቤት ንጽሕና ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ወለል መጥረግን፣ ዕቃ ማጠብንና ዝንብ ማባረርን ነው። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ወደ ልጅ አፍ የሚገባውን መምረጥም ከቤት ንጽሕና ይቆጠራል። ስለዚህ በነአኩቶ ለአብ፣ በላሊበላና በላስታ መንደሮች የምትኖሩ እናቶች፣ በዛሬው ትምህርታችን ከሱቅ ስለሚገዛው ጣፋጭና በቤታችሁ ስላለው እህል እንነጋገራለን። ማንበብ የሚችል ልጅ በቤት ካለ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብላችሁ፤ አባቶችም ቢያዳምጡ ይጠቀማሉ።

፩. ነገሩ ምንድን ነው?

አንዲት እናት ቅዳሜ ጧት 6 እንቁላል ይዛ ከነአኩቶ ለአብ ወደ ላሊበላ ገበያ ሄደች እንበል። እንቁላሉን ሸጠች፤ ጨውና በርበሬ ገዛች። በተረፋት ገንዘብ ደግሞ ለትንሹ ልጇ ሁለት እሽግ ብስኩትና ጥቂት ከረሜላ ገዝታ ተመለሰች። ልጁ ከደጅ ሮጦ ተቀበላት፤ እሷም ደስ አላት።

ይህች እናት ልጇን የጠላች አይደለችም። ብስኩቱን ያስገዛት ፍቅሯ ነው። ሆኖም ሒሳቡን እናስላው። ከቤት የወጣው እንቁላል ነው። ወደ ቤት የገባው ነጭ ዱቄት፣ ስኳርና ዘይት ነው። አንድ የአበሻ ዶሮ እንቁላል 5 ግራም ያህል ሥጋና አጥንት የሚገነባ ምግብ፣ ማለት ፕሮቲን፣ በውስጡ አለው፤ ለዓይንና ለደም የሚያስፈልጉ ቫይታሚኖችም አሉበት። ከረሜላ ከስኳር በቀር ሌላ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ብስኩትም ሆድ ይሞላል እንጂ አካል አይገነባም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

፪. ይህን ያህል ለምን ያሳስባል?

በ2008 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ የሕዝብና የጤና ጥናት ተደርጎ ነበር። በዚያ ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜአቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ 100 ልጆች ውስጥ 46ቱ ቀንጭረው ተገኙ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ቁጥሩ ወደ 41 ወረደ። ቢወርድም ገና ብዙ ነው። መቀንጨር ማለት ልጁ ለዕድሜው ሊኖረው ከሚገባው ቁመት አጥሮ መቅረት ነው። የሚያጥረው ግን ቁመቱ ብቻ አይደለም፤ አእምሮውም እንደሚገባው አያድግም፣ ትምህርት ይከብደዋል፣ በሽታም ቶሎ ይጥለዋል።

የኢትዮጵያ መንግሥት በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በፈረንጅ አቆጣጠር እስከ 2030 ድረስ ለማጥፋት ቃል ገብቷል። ይህ ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ይባላል። ሰቆጣ ሩቅ አገር አይደለችም፤ ከላስታ በስተሰሜን በዋግ ያለች ጎረቤታችን ናት። ቃል ኪዳኑ በጎረቤታችን ስም መጠራቱ ነገሩ የእኛም መሆኑን ያሳያል።

ልጅ የሚቀነጭረው በአብዛኛው ከፅንስ ጀምሮ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ባለው ጊዜ ነው። ይህ ጊዜ 1,000 ቀን ያህል ነው። ካለፈ በኋላ የጎደለውን መልሶ መሙላት በጣም ያስቸግራል። በዚህ ወራት የሕፃኑ ሆድ ከራሱ ጭብጥ ብዙ አይበልጥም። ያችን ትንሽ ሆድ በብስኩትና በስኳር ሻይ ከሞላናት ለገንፎው፣ ለሽሮውና ለእንቁላሉ ምን ቦታ ይቀራል? ጣፋጭ በልቶ የጠገበ ልጅ ምግብ ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል። እናትም «ልጄ ምግብ እንቢ አለኝ» ብላ ትጨነቃለች። እንቢ ያለው ምግቡን ጠልቶ አይደለም፤ ሆዱ ቀድሞ ስለ ሞላ ነው።

፫. ማስታወቂያ እንዴት ያታልላል?

ቀድሞ የላስታ ልጅ የሚያውቀው ጣፋጭ ማርና የበዓል ዳቦ ነበር። ዛሬ ራዲዮኑም፣ ቴሌቪዥኑም፣ የእጅ ስልኩም ስለ ለስላሳ መጠጥ፣ ስለ ብስኩትና ስለ ከረሜላ ይናገራል። የሱቁ ግድግዳና ጃንጥላው ሳይቀር በመጠጥ ፋብሪካ ቀለም ይቀባል። ለገና በዓል ምእመናን ወደ ላሊበላ በሚጐርፉበት ጊዜ ጣፋጭ የሚሸጠውም ይበዛል። አገር ጎብኚዎችም ለልጆች ከረሜላ ሲያድሉ ቆይተዋል፤ ልጆቻችንም ፈረንጅ ባዩ ቁጥር «ከረሜላ!» እያሉ መሮጥን ለመዱ።

የማስታወቂያው ዘዴ ይህ ነው።

፩ኛ/ በእሽጉ ላይ ልጅ የሚወደው የእንስሳ ወይም የጨዋታ ሥዕል ይሣላል።

፪ኛ/ የሚስቅ ወፍራም ልጅ ያሳያሉ። እናት ስታየው «ይህን ብሰጠው የኔም ልጅ እንዲህ ይሆናል» ትላለች።

፫ኛ/ «ቫይታሚን ያለበት» ወይም «ኃይል ሰጪ» ብለው ይጽፋሉ። ስለ ስኳሩ ብዛት ግን በትልቅ ፊደል አይጽፉም።

፬ኛ/ የብርቱካን ወይም የማንጎ ሥዕል ያለበት ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ውሃ፣ ስኳር፣ ቀለምና የፍራፍሬ ሽታ ብቻ ነው።

ትልቅ ሰው ማስታወቂያ ሲሰማ «ይህ ሻጭ ነው፤ ዕቃውን ማሞገሱ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ትንሽ ልጅ ግን ምክርንና ማስታወቂያን አይለይም፤ የተነገረውን ሁሉ እውነት ነው ይላል። በዚህም ምክንያት የዓለም የጤና ጉባኤ በግንቦት 2002 ዓ.ም. አገሮች ስኳር፣ ጨውና ጮማ የበዛባቸውን ምግቦች ለልጆች ማስተዋወቅን እንዲገድቡ መክሯል። በደቡብ አሜሪካ የምትገኘው ቺሌ በሰኔ 2008 ዓ.ም. በሥራ ላይ በዋለ ሕግ ስኳር በበዛበት እሽግ ላይ ጥቁር የማስጠንቀቂያ ምልክት እንዲለጠፍ አዘዘች፤ ልጆችን የሚማርከውንም ሥዕል ከእሽጉ አስወገደች፤ በትምህርት ቤት እንዳይሸጥም ከለከለች። በእኛም አገር በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የአልኮል መጠጥን በራዲዮንና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅ ተከልክሏል። ማስታወቂያ ሰውን የሚስብ ባይሆን ኖሮ ይህን ያህል ሕግ ባላስፈለገውም ነበር።

በቤታችሁ ግን ሕግ አውጪዎቹ እናንተ ናችሁ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል። ምን እንደሚበላ የሚመርጠው ማስታወቂያ ያየ የ3 ዓመት ልጅ ሳይሆን እናትና አባት መሆን አለባቸው።

አንድ ቀላል ብልሃትም አለ። ተማሪ ልጃችሁ በእሽጉ ጀርባ የተጻፈውን ያንብብላችሁ። ፋብሪካዎች የሚጽፉት ብዙ የገባውን በመጀመሪያ፣ ጥቂት የገባውን በመጨረሻ አድርገው ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ስሞች አንዱ ስኳር ከሆነ ያ ዕቃ ለሕፃን የሚሆን አይደለም። የመጠቀሚያ ጊዜው ማለፉንም በዚያው እግረ መንገድ ያይላችሁ።

፬. የጣፋጭ ጉዳት

ጥርስ። በአፍ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ስኳር ሲያገኙ አሲድ ይሠራሉ፤ አሲዱም ጥርስን ይቦረቡራል። ቀኑን ሙሉ ከረሜላ የሚመጥ ልጅ ጥርሱ ቀኑን ሙሉ ይበላበታል። «የወተት ጥርስ ነው፤ መውደቁ አይቀርም» ማለት ስሕተት ነው። ጥርሱ የታመመ ልጅ አያኝክም፣ ካላኘከም አያድግም።

ስኳር። 300 ሚሊ ሊትር በሚይዝ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ። ይህም 7 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ መሠረት ለ3 ዓመት ልጅ አንዱ ጠርሙስ ብቻውን የቀኑን የመጨረሻ ወሰን ይሞላል። ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ጣፋጭ መጠጥ ጭራሽ አይሰጥም።

ደም ማነስ። ሻይ፣ ስኳር ባይገባበትም እንኳ፣ በምስርና በጎመን ውስጥ ያለውን ደም የሚሠራ የብረት ማዕድን ሰውነት እንዳይወስደው ያግዳል። ስለዚህ «ዳቦ በሻይ» ለሕፃን ቁርስ አይሆንም።

ተቅማጥ። ከረሜላ መሬት ወድቆ ተነሥቶ ይበላል፤ ከአንዱ ልጅ አፍ ወጥቶ ወደ ሌላው አፍ ይገባል፤ ዝንብም ያርፍበታል። ጣፋጭ የያዘ ልጅ እጁ ሁልጊዜ አፉ ውስጥ ነው። ያ እጅ ካልታጠበ ተቅማጥ ይከተላል፤ ተቅማጡም የተበላውን ሁሉ ይዞ ይወጣል።

፭. ታዲያ ምን እናብላ?

እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃል፤ ውሃም አያስፈልግም። ከ6 ወር በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ለስላሳ ምግብ ይጀመራል። ጡቱም እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል።

• ከ6 እስከ 8 ወር፦ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ። በጥቂት ማንኪያ ተጀምሮ ቀስ በቀስ እስከ ግማሽ የውሃ ብርጭቆ።

• ከ9 እስከ 11 ወር፦ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ በየጊዜው ግማሽ ብርጭቆ። እንደ ፍላጎቱ በመካከል 1 ወይም 2 መክሰስ ይጨመራል።

• ከ1 እስከ 2 ዓመት፦ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ ከግማሽ ብርጭቆ በላይ እስከ ሙሉ። መክሰሱ እንደ ላይኛው ነው።

የገንፎ ዱቄት አዘገጃጀት። 3 ጣሳ ገብስ ወይም ስንዴ፣ 1 ጣሳ ባቄላ፣ አተር ወይም ሽምብራ ውሰዱ። ሁሉንም ልቀሙ፣ እጠቡ፣ አድርቁ፣ ለየብቻ ቁሉ፤ ባቄላውን ከክታችሁ ገለባውን አውጡ፤ ከዚያ አንድ ላይ ይፈጭ። እህልና ጥራጥሬ ሲቀላቀሉ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላል። ከድሮ ጀምሮ የሚታወቀው ፋፋ የተባለው የሕፃናት ዱቄትም የተሠራው እህልና ጥራጥሬን በማቀላቀል ነው። ገንፎው ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ ወይም ዘይት ጨምሩ። ቢገኝ በወተት አገንፉት። ጨውም ጥቂት፣ አዮዲን ያለበት ይሁን።

የብቅል ብልሃት። ሕፃን ወፍራም ገንፎ መዋጥ ያቅተዋል። እናት ውሃ ጨምራ ስታቀጥነው ደግሞ የበላው ውሃ ብቻ ይሆናል። መፍትሔው በቤታችሁ አለ። ገንፎውን ወፍራም አድርጋችሁ አብስሉ። ትንሽ በረድ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ የብቅል ዱቄት ጨምራችሁ አማስሉት። ውሃ ሳይጨመርበት ይቀጥናል። ከቀጠነ በኋላ መልሳችሁ አፍሉትና ለብ ሲል አብሉት።

ማጣፈጫና ማጠንከሪያ። በደንብ የበሰለ እንቁላል ተፈርክሶ፣ የተቀቀለ ጎመን በደቃቁ ተከትፎ፣ ካሮት ወይም ዱባ ተፈጭቶ ከገንፎው ጋር ይቀላቀላል። ምስር ወጥና ሽሮ፣ በርበሬው ሳይበዛ፣ በእንጀራ ተፈትፍቶ ይሰጣል። ሥጋ በተገኘ ጊዜ በደቃቁ ይከተፋል።

ሕፃኑ በየቀኑ ከእነዚህ 8 ወገኖች ቢያንስ ከ5ቱ ማግኘት አለበት፦ የእናት ጡት፤ እህልና ድንች፤ ጥራጥሬ፤ ወተት፤ ሥጋ ወይም ዓሣ፤ እንቁላል፤ ጎመን፣ ካሮትና ዱባ፤ ሌላ አትክልትና ፍራፍሬ። ጣት በመቁጠር ማታ ማታ እዩት። አምስቱ ጣት ከሞላ ልጁ ውሎው መልካም ነበር።

ለመክሰስ የበሶ ጭብጦ፣ ድንች ቅቅልና የስንዴ ዳቦ ከማናቸውም ብስኩት ይበልጣሉ። በሶውን የምታሽሹበት ውሃ የተፈላ ወይም የታከመ ይሁን። ቆሎ ግን ለትናንሽ ልጆች አትስጡ፤ ጉሮሮ ዘግቶ ያንቃል። ንፍሮም ቢሆን ተደቁሶ ይሰጣቸው።

ከማብሰልና ከማብላት በፊት፣ ከሽንት ቤት መልስ፣ ሕፃንም ካጸዳዱ በኋላ እጅን በሳሙና፣ ሳሙና ባይገኝ በዐመድ መታጠብ ነው። የሕፃኑ ሳሕንና ማንኪያ ለብቻው ይሁን፤ ታጥቦ ይከደን።

፮. ልጁ ቢያለቅስስ?

ወደ ገበያ ስትሄዱ ልጁን አብልታችሁ ሂዱ፤ የጠገበ ልጅ በሱቅ ፊት ብዙ አያስቸግርም። የበሶ ጭብጦ በነጠላችሁ ጫፍ ቋጥራችሁ ያዙለት። ሲያለቅስ ዝም ለማሰኘት ከረሜላ አትስጡ። አንድ ጊዜ ከሰጣችሁት ማልቀስ ከረሜላ እንደሚያመጣ ይማራል፤ ነገም ያለቅሳል። ዕቀፉት፣ አጫውቱት፣ ዓይኑን ወደ ሌላ ነገር መልሱለት።

አያት፣ አጎትና የክርስትና አባት ልጁን ሊጠይቁ ሲመጡ ጣፋጭ ይዘው መምጣት ይወዳሉ። በአክብሮት ንገሯቸው፤ «እማማ፣ ለልጁ የሚያመጡለት አይጥፋ፤ ግን እንቁላል ወይም ሙዝ ቢሆንለት ደስ ይለኛል» ማለት ነውር የለበትም። ጎብኚም ከረሜላ ሲሰጥ ልጁ አመስግኖ እንዲተው አስተምሩት።

፯. ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እንቁላሉን ካልሸጥን ጨውና ሳሙና በምን እንገዛለን?
መልስ፦ አትሽጡ አንልም። ለጨውና ለሳሙና የሚበቃውን ሽጡ። ለብስኩትና ለከረሜላ ይሸጥ የነበረው እንቁላል ግን ከቤት ይቅር። ያን ቀን ከሳንቲማችሁ የሚጎድል ነገር የለም፤ ለልጁ ግን እንቁላል ተረፈው።

ጥያቄ፦ በጾም ጊዜስ? ድስታችን በእንቁላልና በወተት ይነካል።
መልስ፦ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሕፃናት 7 ዓመት እስኪሞላቸው ለጾም አይገደዱም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ይህን ያህል ቀን ሕፃን ያለ ወተትና ያለ እንቁላል ሲቆይ ይጎዳል። ለሕፃኑ አንዲት ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለይታችሁ ብታኖሩ የቤቱ ዕቃ አይነካም። ከተጠራጠራችሁ የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው ፕላምፒ ነት ጣፋጭ አይደለም ወይ? ከብስኩት በምን ይለያል?
መልስ፦ በጣም ይለያል። ፕላምፒ ነት ከለውዝ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከዘይት፣ ከስኳር፣ ከቫይታሚንና ከማዕድን የተሠራ ሲሆን በምግብ እጥረት እጅግ ለተጎዳ ልጅ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። የታዘዘለት ልጅ ብቻ ይበላዋል፤ ለእኅት ለወንድም አይከፈልም፣ ገበያም አይወጣም። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር ካነሰ፣ ወይም እግሩ ካበጠ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ጥያቄ፦ ላስታ የማር አገር ነው፤ ማርስ እንዴት ነው?
መልስ፦ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፤ አንዳንድ ጊዜ ሰውነት የሚያሰንፍ ከባድ በሽታ የሚያመጣ ተሐዋሲ ይኖርበታል። ከፍ ላለው ልጅም ቢሆን ስኳር ነውና ጥቂት ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ 4 ዓመቱ ነው፤ ጣፋጭ ለምዶብኛል። ምን ላድርግ?
መልስ፦ በአንድ ቀን አይተውም። በየቀኑ ይበላ የነበረውን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከዚያም በበዓል ቀን ብቻ አድርጉት። ሲበላም ከምግብ በኋላ ይሁን፣ አፉንም በውሃ ይጉመጥመጥ። በምትኩ የሚወደውን የቤት ምግብ በዚያው ሰዓት አቅርቡለት። አባትና እናት ራሳቸው ለስላሳ እየጠጡ ልጅን መከልከል ግን አይሆንም፤ ልጅ የሚከተለው የሚያየውን ነው።

መደምደሚያ

በመጪው ቅዳሜ ወደ ገበያ ስትሄዱ ከእንቁላላችሁ ላይ ሁለቱን ለልጃችሁ አስቀርታችሁ ሂዱ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ አድርጉ። የልጁን ክብደትና ቁመት በየጊዜው በጤና ኬላ አስለኩ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንም ስለ ገንፎው አሠራር ጠይቋት፤ ማሳየት ሥራዋ ነው። ለጎረቤታችሁም ንገሩ፤ አንድ ቤት ብቻውን ከረሜላ ቢከለክል ልጁ ከጎረቤት ያገኘዋል፤ መንደሩ ከተስማማ ግን ባለ ሱቁም ሙዝ ማምጣት ይጀምራል።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። እንቁላሉን የበላ ልጅም እንዲሁ ቀስ በቀስ ቁመቱ ይጨምራል፣ ጉልበቱ ይጸናል፣ ትምህርቱም ይገባዋል።